ካርታው በማን ስም ነው? ከስደት ሆነሽ ቤት ለመግዛት ስታስቢ

እሁድ እሁድ ዶራ ስንገናኝ ከማዳም ወሬ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ቤት ነው። አንዷ «መሠረቱ ወጣ» ትላለች፣ ሌላዋ «ቆርቆሮ ተመታ» ትላለች። ስልኳን አውጥታ ወንድሟ የላከላትን ፎቶ ታሳየናለች። እኔም ሳሳይ ነበር። በቅርቡ አንዲት ልጅ ፎቶውን ስታሳየኝ «ካርታው በማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «በወንድሜ ነዋ። እኔ እዚህ ሆኜ በማን ይሁን?» አለችኝ።

ይህንን የምጽፈው ለእሷ ጥያቄ መልስ ስላለው ነው። እዚህ ሆነሽ፣ የሰው ቤት እየሠራሽ፣ በራስሽ ስም ቤት መግዛት ትችያለሽ። ዝግጅት ግን ይፈልጋል። ዝግጅቱ ደግሞ ብሩ ከመሄዱ በፊት እንጂ ከሄደ በኋላ አይሆንም።

እኔ ሕግ አልተማርኩም፣ 10ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የማውቀውን ያወቅኩት ክስ ውስጥ ገብቼ ጠበቃ በስልክ ሲያስረዳኝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ።

ቤይሩት የመጣሁት በ19 ዓመቴ ነው፣ አሁን 28 ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ለራሴ ልብስ እንኳ ሳልገዛ ለታላቅ ወንድሜ ላክሁ። እሱም አንዲት ሳንቲም አልበላም። ወሎ ውስጥ ባለችው ከተማችን ሁለት ክፍልና ሰርቪስ ያለው ቤት ገዛ፤ ካርታ ያለው፣ ሕጋዊ ቤት። እኔ ስለሌለሁ በእሱ ስም ይሁን ተባለና ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም። ወንድሜ ያኔ ካገባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚስቱ ጋር ተፋቱ። ንብረት ሲካፈሉ የኔ ቤት ከወንድሜ ንብረት ጋር ተቆጠረ። ሚስቱ «በትዳራችን ውስጥ የተገዛ ነው፣ ግማሹ ይድረሰኝ» አለች። እሷን ልወቅሳት አልችልም። እዚያ ቤት ውስጥ ኖራለች፣ ግቢውን አጥራለች፣ ልጅ ወልዳበታለች። ብሩ የማን እንደሆነ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ወንድሜ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህ ቤት የእህቴ ነው» ብሎ ተናገረ። እውነቱን ነው። ዳኛው ግን ማስረጃ ጠየቁ።

ማስረጃው ምን ነበር? እኔ ብር የላክሁበት ደረሰኝ። ግማሹ ጠፍቷል። ግማሹን የላክሁት በሀዋላ ስለሆነ መጀመሪያም ደረሰኝ የለውም። የቀሩት ላይ ደግሞ የተላከበት ምክንያት በሚለው ቦታ «ለቤተሰብ እርዳታ» ተብሎ ተሞልቷል። እዚህ የሚልክልን ልጅ ሁሌ የሚሞላው እንደዚያ ነው፣ እኔም አንብቤው አላውቅም። እና ፍርድ ቤቱ ገንዘብ እንደላክሁ አመነ፣ ቤቱ የኔ መሆኑን ግን አላመነም። ለወንድሜ የላክሁት እርዳታ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ የቤቱን ግማሽ ግምት ለሚስቱ ከፍለን ቤቱን አስቀረን። የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ደሞዜ ነው። የራሴን ቤት ሁለት ጊዜ ገዛሁት ማለት ነው።

ሕጉ ለምን እንደዚህ አለ?

የቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት ተጋብተው እያሉ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 ንብረቱ በአንደኛቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ «የግሌ ነው» የሚል ሰው ያስረዳ ይላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ቢኖራቸውም በዚህ ነገር ይመሳሰላሉ። ሕጉ የወጣው ሚስትን ለመጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሴቶችን ያዳነ ሕግ ነው። አንቺን የሚጎዳሽ በሌላ ሰው ትዳር ውስጥ ንብረትሽን ስታስቀምጪ ነው።

ወንድምሽ ባይፋታስ? ቢሞት ቤቱ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ዕዳ ቢገባ አበዳሪው ቤቱን ሊያስከብር ይችላል። ወንድምሽ ያላገባ ቢሆንም ነገ ማግባቱ አይቀርም። በእናትሽ ስም ብታደርጊው ደግሞ እሷ ስታልፍ ለልጆቿ ሁሉ እኩል የሚከፋፈል ውርስ ይሆናል። አምስት እህትና ወንድም ካለሽ አንድ ስድስተኛ ደረሰሽ ማለት ነው፣ አጥሩን ሳይቀር አንቺ ሠርተሽው።

ይህ ለአንቺም ትዳር ይሠራል። ሳታገቢ በስምሽ የገዛሽው ቤት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ካገባሽ በኋላ የምትገዢው ግን፣ ብሩን አንቺ ብቻ ብትልኪው እንኳ፣ ከባልሽ ጋር የጋራ ነው። ባል አገር ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ይህንን አውቃችሁት ግዙ።

ውክልናው፦ ምን ይጻፍ፣ ምን አይጻፍ

እዚህ ሆነሽ በስምሽ የምትገዢው በውክልና ነው። አንድ የምታምኚው ሰው አገር ቤት በአንቺ ፈንታ ይፈርማል፣ ቤቱ ግን በአንቺ ስም ይመዘገባል። ወንድምሽ ይህንን ሊሠራልሽ ይችላል፤ ያው ሰው፣ ያው ድካም ነው። የሚለየው ካርታው ላይ ያለው ስም ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። ባለሽበት አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የውክልናው ጽሑፍ ይዘጋጃል፣ እነሱ ፊት ትፈርሚያለሽ፣ ማህተም ይደረግበታል። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ይላካል። እዚያ ወኪልሽ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዘግበዋል፤ ሰዉ አሁንም ድረስ ውልና ማስረጃ የሚለው ቢሮ ማለት ነው። ቤቱ ክልል ከተማ ከሆነ እዚያ ይህንን የሚሠራው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ወኪልሽ አስቀድሞ ሄዶ ይጠይቅ። በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ አይበቃም፣ ዋናው ወረቀት ነው የሚፈለገው። ወደ አገር የምትሄድ የምታውቂያት ልጅ ካለች በእጇ ላኪው።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢው። ብዙ ሰው ውክልና ሲያሠራ የተዘጋጀ ቅጽ ይሰጠዋል ወይም ከጓደኛው ገልብጦ ይሄዳል። እዚያ ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» የሚል ተደርድሮ ታገኛለሽ። ቤት እንዲገዛልሽ የምትወክይው ሰው ቤት የመሸጥ ሥልጣን ለምን ያስፈልገዋል? አያስፈልገውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ይላል። ማለትም አንቺ ካልጻፍሽለት አይችልም። ስለዚህ አትጻፊ።

የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ በዚህ ከተማ የሚገኝ መኖሪያ ቤት በስሜ እንዲገዛልኝ፣ የግዢ ውል እንዲፈርምልኝ፣ ዋጋውን ለሻጩ እንዲከፍልልኝ፣ ስም እንዲያዛውርልኝ፣ በስሜ የተዘጋጀውን ካርታ እንዲረከብልኝ፣ ለዚህ ጉዳይ መንግሥት ቢሮ እንዲቀርብልኝ። ከቻልሽ ከዚህ ብር በላይ እንዳይገዛ ብለሽ ጣሪያ ጻፊበት። ቤቱ አስቀድሞ ከታወቀ የካርታውን ቁጥርና አድራሻውን አስገቢ። አንድ ሰው ላይ መጣል ከከበደሽ ሁለት ሰው ወክይና «በጋራ ብቻ ይፈርሙ» በይ። እኔ ለሁለተኛው ቤቴ ወንድሜንና አክስቴን ነው የወከልኩት፤ አክስቴ ሳታይ የምትፈርመው ነገር የለም።

ቢሮው «ይህ ቃል ይጎድላል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ወኪልሽ ቤቱ ያለበት ከተማ ያለው ቢሮ ሄዶ «ለግዢ ውክልና ምን ምን ቃል ትፈልጋላችሁ?» ብሎ አስጽፎ ይላክልሽ፤ አንቺ ያንን ይዘሽ ቆንስላ ትሄጃለሽ። እኔ ይህን ሳላደርግ የመጀመሪያው ተመልሶብኛል። እንደገና ፈቃድ ጠይቄ፣ እንደገና ታክሲ ከፍዬ ሌላ አሠራሁ።

አንቺም ውክልናውን በፈለግሽ ጊዜ መሻር ትችያለሽ። መሻሪያውም ቆንስላ ነው የሚሠራው፣ ግን ሽረት የተመዘገበበት ቢሮ ካልደረሰ ወረቀቱ እዚያ እንደጸና ይቆያል። ስለዚህ ሽሬዋለሁ ብለሽ አትተኚ፣ መድረሱን አረጋግጪ። ቤቱ ተገዝቶ ካርታው በስምሽ ከወጣ ያኔ ውክልናውን መሻር ጸብ አይደለም፣ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ይህ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ግድግዳ ነው፣ ፓስፖርታችን ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሳዑዲ፣ ኢምሬትስና ኩዌት ላላችሁ፣ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕጋቸው ክልክል ነው። እናውቃለን፣ ክልክል ሆኖም ይያዛል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ገጽና የመኖሪያ ፈቃድሽን ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ ላኪ። መቼ እንደሚያልቅም እይ፤ ያለቀ ፓስፖርት ይዘሽ ብትሄጂ ውክልናውን ትተሽ እድሳት ልትጠብቂ ነው። ለማዳም «ቤት ልገዛ ነው» ማለት የለብሽም። «የቤተሰብ ወረቀት ልፈርም ኤምባሲ ልሂድ» ብትያት ይበቃል። አንዳንዷ ቤት ገዛች ስትባል ደሞዝ የተረፈሽ ይመስላታል።

ቤቱን ከፎቶ አትግዢ

ወደ ቤቱ እንምጣ። መጀመሪያ መሬት በኢትዮጵያ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ያለ ነው። የሚሸጠው ቤቱና የከተማ ይዞታው ላይ ያለው መብት ነው። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ «ገበሬው እየሸጠ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ላኪ» የሚል ስልክ ሲደወልልሽ የሚሸጥልሽ ነገር በሕግ የለም። ሦስት ምስክር ፈርሞበት፣ ሽማግሌ ቆሞበት፣ የጣት አሻራ ቢደረግበትም ወረቀቱ ፍርድ ቤት አይቆምም። ቤት ሠርተሽበት ከተማው ሲሰፋ ቢፈርስ ካሣ የሚታሰበው በመዝገብ ላይ ላለው ባለይዞታ ነው። ጨረቃ ቤት ሠርተው የኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፣ አንዳንዱም በኋላ ሕጋዊ ተደርጎለታል። ያ ግን ዕድል ነው። አንቺ የሰው ሽንት ቤት አጥበሽ ያጠራቀምሽውን ብር በዕድል ላይ አታስቀምጪ።

ካርታ አለ ሲሉሽ ወኪልሽ ካርታውን በዓይኑ አይቶ ይዞታውን ወደሚያስተዳድረው የመሬት ቢሮ ወይም ማዘጋጃ ቤት ከሻጩ ጋር ይሂድ። ሦስት ነገር ይጠይቅ። ካርታው ከፋይሉ ጋር ይመሳሰላል ወይ? ቤቱ ባንክ ተይዞበታል ወይም ፍርድ ቤት አግዶታል ወይ? ሊዝ ከሆነ የቀረ ክፍያ አለ ወይ? ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳይወጣ ቀብድም ቢሆን አይከፈል። ሻጩ «ሌላ ገዢ ሊወስደው ነው» ብሎ ካጣደፋችሁ ይውሰደው። ስደት ላይ ያለን ሰዎች የምንበላው በጥድፊያ ነው፤ ማታ ተኝተን እያለ ይደወላል፣ ጠዋት እንልካለን።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ሴት ከሆነች ባሏ ይፈርም። ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነ ያንን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። አንዱ ብቻ ፈርሞ የሸጠውን ቤት ሌላኛው መጥቶ ሊያፈርሰው ይችላል። በኔ ወንድም የደረሰው ነገር በገዢ በኩል ሲመጣ ይህ ነው። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው ላይ «እንዲሸጥ» የሚል ቃል መኖሩንና ያልተሻረ መሆኑን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ማጣራት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምታስቡ፣ በዕጣ የደረሰ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ሰው ግን ይሸጣል። እንዴት መሰለሽ? የሽያጭ ውል መጻፍ ስለማይቻል «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ» የሚል የብድር ውል ይጻፋል፣ ሲደመርበት ውክልና ይሰጣል። እንግዲህ ሻጩ ቢሞት፣ ቢክድ ወይም ውክልናውን ቢሽር እጅሽ ላይ ያለው የብድር ወረቀት ነው፣ ቤት አይደለም። ዋጋው ቀነስ የሚለውም ለዚህ ነው። ገና ዕጣ ያልወጣለትን የቁጠባ ደብተር የሚሸጥልሽ ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጊው።

ክልል ከተማ ላይ በማህበር ተደራጅቶ ቦታ መውሰድም አለ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የከተማው ነዋሪ መሆን ይጠየቃል፣ አንቺ ስለሌለሽ «በወንድምሽ ስም ልመዝገብልሽ» ይባላል። እንግዲህ መጀመሪያ የነገርኩሽ ታሪክ ነው፣ እኔ በዚህ አልመክርሽም። በሪል እስቴት በኩል ደግሞ ገና ያልተሠራ ቤት ላይ ብዙ ብር ይጠየቃል። ቢያንስ መሬቱ በድርጅቱ ስም ካርታ እንዳለው፣ የግንባታ ፈቃድ እንዳለው ወኪልሽ ያጣራ፣ ክፍያውም ግንባታው በደረሰበት ልክ እንጂ በወር ቆጠራ አይሁን።

ብሩ እስከዚያ የት ይቆይ?

ማዳም ጋር አይቆይ። «እኔ ጋር ይጠራቀምልሽ፣ ስትሄጂ አንዴ ትወስጃለሽ» የሚሉ አሉ። በ2012 ዓ.ም. እዚህ ሊባኖስ ዶላር ሲጠፋ ስንት እህቶቻችን የወራት ደሞዝ ሳይሰጣቸው በቆንስላው በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው እንደተጣሉ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ደሞዝሽን በየወሩ ተቀበይ።

አገር ቤት በራስሽ ስም የባንክ ሂሳብ ይኑርሽ። ለዕረፍት ስትሄጂ መጀመሪያ የምትሠሪው ይህ ይሁን፣ ፋይዳ መታወቂያም በዚያው አውጪ፤ አሁን ባንክም ይጠይቃል። መሄድ ካልቻልሽ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚከፈት ሂሳብ አለ፤ ንግድ ባንክም የግል ባንኮችም ይከፍታሉ፣ በዶላር ወይም በዩሮም ማስቀመጥ ይቻላል። ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ባንኩን ራሱን ጠይቂ። ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃድ መጠየቃቸው አይቀርም፣ ወረቀት የሌለሽ ከሆንሽ ይህ ይከብድሻል። እንደዚያ ከሆነ አገር የሚቀመጠውን ብር አሳንሺው፣ መጀመሪያ ወረቀትሽን አስተካክይ።

በዶላር ማስቀመጥን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር አካባቢ ነበር የሚመነዝረው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለዓመታት በብር ያጠራቀመች ልጅ ብሯ ቁጥሩ አልቀነሰም፣ ግን ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቤቱ ሁሉ ወደ ላይ ሄደባት። እኔ አሁን ቤተሰብ የሚበላውን በብር እልካለሁ፣ የቤቱን ግን እስከምገዛበት ቀን በዶላር ነው የማቆየው።

ሀዋላ ጥቂት ይጨምርልሻል፣ አውቃለሁ። ሕገ ወጥ መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ ደረሰኝ የለውም። የቤት ብር በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ አስተላላፊ ብቻ ላኪ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለቤት መግዣ» አስብይ፣ ወይም ወደ ራስሽ ሂሳብ አስገቢ። ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ለራስሽ ኢሜይል ላኪ፣ ስልክ ይሰረቃል።

እቁብ የምትጥሉ እሰየው፣ እኛም ዶራ ላይ አሥራ ሁለት ሆነን በዶላር እንጥላለን። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ከመካከላችሁ አንዷ ዕጣ ከወሰደች በኋላ ወደ አገር ብትባረር ማን ይከፍላል? ይህንን ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ውሉ የሚፈረምበት ቀን

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይናገራል። ደላላው ቤት የተጻፈ ውል መነሻ ቢሆን እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቀብድ ከከፈላችሁ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ እናንተ ካፈረሳችሁ ቀብዱ ይቀራል።

ሻጩና ደላላው «ለግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይላሉ። እምቢ በይ። ነገሩ ቢበላሽና ብርሽ ይመለስ ቢባል የሚመለሰው የተጻፈው ነው። የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያና የደላላ አለ፣ የሻጩም ግብር አለ። የትኛውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። ከቤቱ ዋጋ ውጭ ለዚህ የሚሆን ብር ለብቻ ያዢ፣ ካርታ ማዛወሪያ አጥተው ዓመት ሙሉ ቤቱ በሻጩ ስም የቆየባቸው አሉ።

ትልቁ ክፍያ በጥሬ ብር አይሁን። ሲፒኦ በሻጩ ስም ተሠርቶ ፊርማው ላይ ይሰጥ። ያን ቀን ወኪልሽ በቪዲዮ ይደውልልሽ። እኔ አሥር ደቂቃ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው ያየሁት፣ ማዳም ውጭ ስሜን ትጠራለች።

ለወንድምሽ እንዴት ትነግሪዋለሽ?

ይህ ነው ከወረቀቱ ሁሉ የሚከብደው። ወንድምሽ ያሳደገሽ ይሆናል፣ ለመምጫሽ በሬውን ሸጦ ይሆናል። «በኔ ስም ይሁን» ስትይው «አላመንሽኝም ወይ?» ይልሻል። እናትሽም «ወንድምሽን እንደ ሌባ» ብላ ታለቅስ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንተወው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ብሩ ሳይላክ ነበር መናገር የነበረብኝ። አንቺ ገና ካልላክሽ ቀላል ነው። ብሩ በራስሽ ሂሳብ ካለ ክርክሩ ራሱ አይነሳም፣ ቀድሞ የተላከ ከሆነ ግን እንደ ክስ ነው የሚሰማው። በእሱ ላይ አታድርጊው፣ በሕጉ ላይ አድርጊው። «አንተን አምናለሁ፣ ግን አንድ ነገር ብትሆን ልጆችህና እኔ ፍርድ ቤት እንዳንገናኝ» በይው። ለድካሙም የሆነ ነገር አስቢለት። እየተመላለሰ ነው፣ ሥራ እየፈታ ነው፤ የታክሲና የምሳ ብር ለብቻ ላኪለት፣ ከቤቱ ብር እንዲያነሳ አታድርጊው። ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ይኑር ካልሽ ይኑር። መኖርና ካርታ ይለያያል።

ቤቱ ቀድሞ በወንድምሽ ስም ከሆነስ? ሰላም እያለ፣ ጸብ ሳይመጣ፣ ወደ ስምሽ አዛውሩት። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም መስማማትና መፈረም አለባት። ክፍያ አለው፣ ያስቆጫል፣ ግን እኔ ከከፈልኩት ያንሳል። ሚስቱን ራሷን ደውለሽ አነጋግሪያት። እኔ ለወንድሜ ሚስት አንድም ቀን «ይህ የኔ ልፋት ነው» ብዬ አልነገርኳትም ነበር።

ለሁለተኛው ቤት ውክልናውን ከማሠራቴ በፊት ደውዬ «ወንድም ጋሼ፣ አሁን በኔ ስም ነው፤ አክስቴም አብራህ ትፈርማለች» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል «እሺ» አለኝ። «የሚሸጥ የሚለውን እንዳታስገቢ። ፍርድ ቤት እንደገና መሄድ አልችልም።»